ከቱሺማ ድል ጀርባ፦ ባሩድ፣ ሽቦ አልባና የተቆረጠ ደመወዝ

ግንቦት 19 ቀን 1897 ዓ.ም. ሌሊት በኮሪያና በጃፓን መካከል ያለው ባሕር ጭጋግ ለብሶ ነበር። ሺናኖ ማሩ የምትባል፣ ጃፓን ከሩሲያ ጋር ለገጠመችው ጦርነት ሲባል ከንግድ ሥራ ተነሥታ ለቅኝት የተሰማራች መርከብ በጨለማው ውስጥ የመብራት ጭላንጭል አየች። የሩሲያ የሆስፒታል መርከብ ናት፤ ሐኪም ጫኝ በመሆኗ መብራቷን አላጠፋችም። ሺናኖ ማሩ ለማጣራት ተጠጋች። ጎህ ሲቀድ ዙሪያዋን የጠላት መርከብ ሆኖ ጠበቃት። ወዲያው ዞራ እየሸሸች፣ ያየችውን በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ አስተላለፈች። በኮሪያ ጠረፍ መልሕቁን ጥሎ ሲጠባበቅ የከረመው አድሚራል ቶጎ ሄይሃቺሮ መላ ጦሩን ይዞ ወጣ።

በዚያ ዕለት ስለተጀመረው የቱሺማ ጦርነት ሲወራ ሁሌም የሚነሣው የቶጎ ጀግንነት ነው። ተገቢ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ያቺ መልእክት ማስተላለፊያ ናት። ማርኮኒ ፈጠራውን ለዓለም ካሳየ ገና አሥር ዓመት ያህል ነበር። የጃፓን ባሕር ኃይል መሣሪያውን ከውጭ ገዝቶ ከመጠቀም ይልቅ ኪሙራ ሹንኪቺ የተባለ የፊዚክስ መምህር ቀጥሮ ራሱ አሠራው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጃፓን ባሕር ኃይል ታሪክ የጀመረው በውርደት ነው። በ1853 የአሜሪካው ኮሞዶር ፔሪ በ4 መርከቦች ኡራጋ ደርሶ በራችሁን ክፈቱ አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ የእንግሊዝ መርከቦች ካጎሺማ ከተማን በመድፍ አቃጠሉ። ከተማዋን ሲከላከሉ ከነበሩት መካከል የ15 ዓመቱ ቶጎ ይገኝበታል። ይኸው ልጅ በ1871 ሙያውን ሊማር የተላከው ከተማውን ወዳቃጠሉት እንግሊዞች ዘንድ ነው፤ እዚያም ሰባት ዓመት ቆየ። ቂሙን ዋጥ አድርጎ ከጠላቱ መማር ለጃፓኖች አዲስ ነገር አልነበረም። ዮኮሱካ ላይ የመርከብ መሥሪያ ያቆሙላቸው ፈረንሳዮች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን መርከበኞች ያሠለጠኑት ደግሞ ሆላንዶች።

በ1886 ጀርመን የሠራቻቸው የቻይና ግዙፍ የጦር መርከቦች ናጋሳኪ ወደብ ገብተው ቆሙ። ጃፓን ያኔ የሚመጥናቸው አልነበራትም። በ1893 ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ከቤተ መንግሥታቸው ወጪ በየዓመቱ 300,000 የን፣ ለስድስት ዓመት ለመርከብ ግዢ እንዲሰጥ ወሰኑ። የመንግሥት ሠራተኛውም ከደመወዙ አንድ አሥረኛው ተቆረጠ። የዚያ ዘመን ሠራተኛ በወር መጨረሻ ምን ይል እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ጋ ነው። ጃፓን በቱሺማ ያሰለፈቻቸውን ትልልቅ የጦር መርከቦች አልሠራቻቸውም። የቶጎ ዋና መርከብ ሚካሳ የተሠራችው ባሮው በተባለች የእንግሊዝ ከተማ፣ በቪከርስ ኩባንያ ሲሆን፣ አልቃ የተረከቧት በ1902 ነው። ከእርሷ ጋር የታዘዙት አምስቱም የእንግሊዝ ሥራ ናቸው። ከገንዘቡ ከፍተኛው ድርሻ የመጣው በ1895 ከተሸነፈችው ቻይና ከተወሰደው የጦር ካሳ ነው። ጃፓኖች ራሳቸው የሠሩት በዓይን የማይሞላውን ነው፦ ሺሞሴ ማሳቺካ የተባለ መሐንዲስ ያዘጋጀውን ኃይለኛ ፈንጂ፣ የመድፍ ጥይቱን ማፈንጃና ሽቦ አልባውን። ብረቱን ገዙ፤ ጉልበቱን ግን በቤታቸው ቀመሙ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል ባይ ነኝ።

የሩሲያ ጦር በበኩሉ ከባልቲክ ባሕር ተነሥቶ ከሰባት ወር በላይ ተጉዟል። ገና መንገድ ሲጀምር የእንግሊዝ ዓሣ አጥማጆችን የጃፓን ጦር መስለውት ተኮሰባቸው። ከፊሉ በስዊዝ ቦይ አልፎ በእኛው ቀይ ባሕር ወርዷል። ሲደርስ መርከቦቹ በድንጋይ ከሰል ተጨናንቀው፣ ሆዳቸው በባሕር አረም ተሸፍኖ ነበር፤ ፍጥነታቸው ከጃፓኖቹ እጅግ ያንስ ነበር። ቶጎ በጠላት አፍንጫ ሥር መርከቦቹን አንድ በአንድ አዙሮ መንገድ ዘጋባቸው። በማግሥቱ አድሚራል ኔቦጋቶቭ እጁን ሰጠ። ከ4,000 በላይ ሩሲያውያን አለቁ። ጃፓን ያጣችው 3 ቶርፔዶ ጀልባና 117 ሰው ነው።

የዐድዋ ድል ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበርና ወሬው ለእኛ ሰው ቅርብ ሆነ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን በአርአያነት ጠቀሷት። የ1931 ሕገ መንግሥታችንም ከሜይጂው ተቀድቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መገባደጃ ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አሳተሙ። እርሳቸው በእንግድነት ሲስተናገዱ ግን የጃፓን ጦር ማንቹሪያ ከገባ ሁለት ወር ያህል ሆኖታል። ምሁሮቻችን የጃፓንን ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ሲያደንቁ መድፉ ወዴት እንደሚያመራ አለመጠየቃቸው ያሳዝነኛል።

ድሉ ርካሽ አልነበረም። ለጦርነቱ ከለንደንና ከኒውዮርክ ብዙ ገንዘብ ተበድረዋል። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1905 የሰላም ውሉ ሲፈረም ሩሲያ የጦር ካሳ አልከፍልም ብላ ጸናች፤ ግብር ያደቀቀው የቶኪዮ ሕዝብም በቁጣ አደባባይ ወጥቶ ፖሊስ ጣቢያዎችን አቃጠለ።

ሚካሳስ? ከውሉ በስድስተኛው ቀን ሌሊት፣ ሳሴቦ ወደብ ቆማ ሳለ የጥይት ማከማቻዋ ፈንድቶ ሰመጠች። ቶጎ አልነበረባትም። በገዛ ወደቧ ከ250 በላይ መርከበኞች አለቁ፤ በቱሺማ ከሞተው የጃፓን ባሕርተኛ ሁሉ እጥፍ ማለት ነው። በኋላ አውጥተው ጠገኗት። ዛሬ ዮኮሱካ ከተማ፣ ሆዷ በኮንክሪት ተደፍኖ የሙዚየም ጎብኚ ታስተናግዳለች።