ጉልት ሻጯ ሸራ ላይ እስክትወጣ

ቦንጋ ገበያ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ኮረሪማና ጥምዝ በትንንሽ መደብ ከፋፍላ ፊቷ የዘረጋች፣ ፀሐይ ቢከርር ዝናብ ቢወርድ ከቦታዋ የማትነቃነቅ ሴት አትጠፋም። ባለፈው በኔ ዕድሜ ከምትሆን አንዷ ስገዛ ጥያቄ መጣብኝ፦ እቺ ልጅ ሥዕል ውስጥ ለመግባት ስንት ዓመት ፈጀባት? (አትሳቁ! ለኔ የሥዕላችን ታሪክ ያለው እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው።)

በድሮው ዘመን ቦታም አልነበራት። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የቅዱሳን፣ የመላእክትና ሥዕሉን ያሠሩት መኳንንት ነበር። ጻድቁ ሁለት ዓይን ይኖረዋል፤ ኃጥኡ ወደ ጎን ዞሮ ስለሚሳል አንድ ዓይን ብቻ ይደርሰዋል። እሷ ግን ከኃጥኣኑም ጋር የምትቆጠር አልሆነችም። ከ1888ቱ ድል በኋላ የዓድዋ ሥዕል በዛ። እዚያም ጎልተው የሚታዩት ንጉሡ፣ እቴጌይቱና ከሰማይ የወረደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ናቸው።

በ1950 ዓ.ም አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተምሮ መጥቶ በ1955 ዓ.ም ሥራዎቹን ሲያሳይ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ሰውም ታሪክም የሌለበት፣ ቅርጽና ቀለም ብቻ! ዛሬም እነዚያ ሥራዎች ፊት ቆሞ «ይሄ ምንድነው?» የሚል አይጠፋም። ለኔ ግን ደፋሩ ከፓሪስ የተመለሰው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። በቆዳ ሰፍተን አንገታችን ላይ የምንደብቀውን ክታብ አውጥቶ የዘመናዊ ሥዕል ቋንቋ አደረገው። እንዲህ ሆኖ ጥያቄው «ምን ይሳል?» ከሚለው ወደ «እንዴት ይሳል?» ዞረ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። «ሰፊው ሕዝብ» ይሳል ተባለ። እንግዲህ ጉልት ሻጯ ገባች ልትሉ ነው? የገባውስ ጡንቻው የፈረጠመ፣ ማጭድና መዶሻ የጨበጠ ሰው ነው። ጥምዝ በመደብ የሚሸጥ ሰው ለፖስተር አይመችም። ገብረ ክርስቶስም ተሰዶ በ1973 ዓ.ም አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሞተ።

የሚገርመው፣ ለጉልት ሻጯ የደረሱላት ራሳቸው ሶቪየት ኅብረት፣ ሌኒንግራድ ተምረው የመጡት ታደሰ መስፍን መሆናቸው ነው። «የሕይወት ምሰሶዎች» የሚባሉት ተከታታይ ሥራዎቻቸው ላይ ቸርቻሪ ሴቶች ናቸው ያሉት። ረዣዥሞች ናቸው፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቡጢ አያነሱም፣ መፈክር የላቸውም። ገበያው ከኋላቸው ወደ ቀለም ሟሙቷል። ቁመናቸውን ሳየው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉት ቅዱሳን ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

የእሳቸው ተማሪ የነበረው ተስፋዬ ኡርጌሳ ደግሞ በ2016 ዓ.ም በቬኒስ ቢየናሌ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ፓቪልዮን ይዞ ቀረበ። የሱ ሰዎች ቀጥ ብለው አይቆሙም። እጅና እግራቸው ተወሳስቦ፣ ገላቸው ተጋልጦ፣ ተፋፍገው ያፈጡባችኋል። ስደት እንዲህ ነው መሰለኝ።

ለልጅቷ የታደሰን አንዱን ሥዕል ስልኬ ላይ አሳየኋት። ከሥዕሉ ይልቅ ዓይኗ የሄደው ሴትየዋ ወደዘረጋችው ነው።

«መደቡን በስንት ትሸጣለች?» አለችኝ።