የዘር መጽሐፍ እንዴት ይገለበጣል?

ቁም ጸሐፊ አንድ መጽሐፍ ለመገልበጥ በተቀመጠ ጊዜ ዋናውን ቅጂ ከፊቱ ዘርግቶ፤ ብራናውን አስምሮ፤ ቀለሙን በጥብጦ፤ ፊደል በፊደል እያየ ይጽፋል። ሥራው ሲፈጸም ዋናው መጽሐፍ እንደ ነበረ ወደ ዕቃ ቤቱ ይመለሳል፤ አዲሱም ለብቻው ይደጎሳል። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ዲ.ኤን.ኤ. መባዛት መማር በጀመርን ጊዜ ነገሩን የተረዳነው በዚሁ ዓይነት ነበር፤ ይኸውም በሕዋስ ውስጥ ያለው የዘር መጽሐፍ ሲገለበጥ አሮጌው እንዳለ ይቀራል፤ አዲሱም ከጎኑ ይጻፋል ብለን ነው። ይህ አሳባችን ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ከእኛ በፊት ታላላቅ ሊቃውንት በዚሁ ነገር እንደ ተከራከሩ ስንሰማ ጥቂት ተጽናናን። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ክርክሩ እንዴት እንደ ተፈታ ለመጻፍ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ደስ ከማያሰኝ ነገር ነው። በ1869 ፍሪድሪክ ሚሸር የተባሉ ወጣት የስዊስ ሐኪም በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ፤ ከሐኪም ቤት ከመጣ የቁስል መጠቅለያ ላይ መግሉን እያጠቡ ሲመረምሩ፤ ከሕዋሱ አስኳል ውስጥ ፎስፎረስ ያለበትና ከፕሮቲን የተለየ ነገር አገኙ፤ ስሙንም ኒውክሊን አሉት። የሠሩበትም ክፍል የአንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት የነበረ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ይህን ነገር የዘር ምሥጢር ያዥ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እምብዛም አልነበረም። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸውና። ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ግን ለዚህ ክብር የተፈጠረ ይመስል ነበር።

ይህን አሳብ የናዱት ኦስዋልድ ኤቨሪ ናቸው። በ1944 በኒውዮርክ በሮክፌለር ተቋም ከማክላውድና ከማካርቲ ጋራ ሆነው ባሳተሙት ጽሑፍ፤ ጉዳት የማያደርሰው የሳንባ ምች ባክቴሪያ ከገዳዩ ወገን የተጣራ ዲ.ኤን.ኤ. ሲሰጠው መልኩ እንደሚለወጥና የተለወጠውንም መልክ ለልጆቹ እንደሚያወርስ አስረዱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 66 ነበር። በ1955 እስኪሞቱ ድረስ የኖቤል ሽልማት አላገኙም፤ እንደ እኛ አስተያየት ይህ የሸላሚዎቹ ጉድለት ነው።

በ1953 ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በካምብሪጅ ሆነው ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ባለ ሁለት ክር መሆኑን አስታወቁ። በአንዱ ክር አዴኒን ባለበት በሌላው ታይሚን፤ ጉዋኒን ባለበትም ሳይቶሲን ይገጥማል። ስለዚህ አንዱን ክር ያነበበ የሌላውን ሳያይ ያውቀዋል። ለዚህ ግኝት እጅግ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ በለንደን በኪንግስ ኮሌጅ የሮዛሊንድ ፍራንክሊን ሥራ የሆነው፤ ተማሪያቸው ሬይመንድ ጎስሊንግ በ1952 በኤክስሬይ ያነሣው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ለዋትሰን የታየው ባለቤቲቱ ሳያውቁ ነበር። ፍራንክሊን በ1958 በ37 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በ1962 ሽልማቱ ለዋትሰን፤ ለክሪክና ለሞሪስ ዊልኪንስ በተሰጠ ጊዜ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ይህ በክፍላችን በተነገረ ቀን ሴቶች ተማሪዎች ዝም አላሉም፤ ወንዶቹም የምንመልሰው አጣን።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ባለ ሁለት ክር የሆነው ገመድ ሲገለበጥ ሦስት መንገድ ይታሰባል። አንደኛው እኛ እንደ ገመትነው እንደ ቁም ጸሐፊው ነው፤ አሮጌው ገመድ ሳይነካ ይቀራል፤ አዲሱ ፈጽሞ አዲስ ይሆናል። ሁለተኛው ገመዱ ተፈትቶ እያንዳንዱ አሮጌ ክር አዲስ ጓደኛ ያገኛል፤ ከሁለቱ መጻሕፍት እያንዳንዱ እኩሌታው አሮጌ እኩሌታው አዲስ ይሆናል ማለት ነው። ሦስተኛው አሮጌው ተቈራርጦ በሁሉም ክር ውስጥ ከአዲሱ ጋራ ይደባለቃል። ዋትሰንና ክሪክ ሁለተኛውን ደገፉ፤ ግን መደገፍ ማስረዳት አይደለም።

ያስረዱት ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል ናቸው። ሁለቱም ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ሲሆኑ የሚሠሩት በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። አሮጌውን ክር ከአዲሱ በዓይን መለየት ስለማይቻል በክብደት ሊለዩት አሰቡ። በዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ውስጥ ናይትሮጅን አለ፤ የተለመደው ናይትሮጅን ክብደቱ 14 ሲሆን 15 የሆነ ከባድ ዓይነትም ይገኛል። ባክቴሪያዎቹን 14 ትውልድ ያህል በከባዱ ናይትሮጅን አሳደጓቸውና በድንገት ወደ ተለመደው አዛወሯቸው። ይህም ከዚያች ሰዓት በፊት የተጻፈው በጥቁር ቀለም፤ ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው በቀይ ቀለም ነው እንደ ማለት ነው። ከዚያም ዲ.ኤን.ኤ.ውን በሲዚየም ክሎራይድ ጨው ውሃ ውስጥ አድርገው፤ ሴንትሪፊውጅ በተባለው መኪና በደቂቃ 44,770 ጊዜ እያዞሩ 20 ሰዓት አቆዩት። ጨዉ ወደ ታች እየጠነከረ ስለሚሄድ ዲ.ኤን.ኤ.ው ክብደቱ ከጨው ውሃው ጋራ በሚተካከልበት ስፍራ ላይ ይቆማል፤ በአልትራቫዮሌት ብርሃንም ፎቶግራፍ ሲነሣ እንደ ጥቁር መሥመር ይታያል።

ባክቴሪያዎቹ አንድ ጊዜ ከተባዙ በኋላ የታየው አንድ መሥመር ብቻ ነው፤ እርሱም በከባዱና በቀላሉ መካከል። የቁም ጸሐፊው አሳብ በዚህ ወደቀ፤ እውነት ቢሆን ኖሮ አንድ ከባድና አንድ ቀላል መሥመር መታየት ነበረበት። ሦስተኛው አሳብ ግን ገና አልወደቀም፤ ተደባላቂውም መካከለኛ ይሆናልና። ስለዚህ ሁለተኛውን ትውልድ ጠበቁ። ያን ጊዜ ሁለት መሥመር ታየ፤ አንዱ መካከለኛ፤ አንዱ ቀላል፤ መጠናቸውም እኩል። ሦስተኛውም ወደቀ። ውጤቱ በ1958 ታተመ። እኛም ይህን በቀይና በነጭ ክር ሠርተን አየነው፤ ሁለት ቀይ ክር አጣምረን ፈታን፤ ለእያንዳንዱ ነጭ ጓደኛ ሰጠን፤ ደግመን ፈታን። ሁለቱ ቀይና ነጭ፤ ሁለቱ ፍጹም ነጭ ሆኑ። ክርክራችን ያን ዕለት አበቃ።

ገልባጩ ዲ.ኤን.ኤ. ፖሊመሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ የመጀመሪያውን አርተር ኮርንበርግ በ1956 አገኙት። በባክቴሪያ ውስጥ የሚገለብጠው በሰኮንድ 1,000 ፊደል ያህል ይጽፋል። ሲሳሳትም እንደ መልካም ጸሐፊ ወዲያው የጻፈውን ፍቆ ያርማል፤ ሌሎች አራሚዎችም ተከትለው ያልፉበታል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ስሕተት ከ1,000,000,000 ፊደል አንድ ያህል ነው።

መጽሐፉ ቢገለበጥ ካልተነበበ ምን ይጠቅማል? ዋናው በአስኳሉ ውስጥ ተቈልፎ ይኖራል፤ የሚያስፈልገው ገጽ ብቻ አር.ኤን.ኤ. በሚባል ወረቀት ላይ ተቀድቶ ይወጣል፤ በዚያም መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ሦስት ሦስት ፊደል አንድ ቃል ነው፤ ቃሎቹ 64 ሲሆኑ አሚኖ አሲዶቹ 20 ናቸው። የመጀመሪያውን ቃል በ1961 ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪኽ ማቴይ ፈቱ፤ በ1966 መዝገበ ቃላቱ ሞላ።

አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። የገመዱ ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ቢሆኑም የተጻፉት አንዱ ሽቅብ፤ ሌላው ቍልቍል ነው። ኢንዛይሙ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ እንደሚጽፍ ሰው በአንድ አቅጣጫ እንጂ በሌላው አይሠራም። ታዲያ ሁለቱ ክሮች በአንድ ጊዜ እንዴት ይገለበጣሉ? ይህን የፈቱት በጃፓን በናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሬይጂ ኦካዛኪና ባለቤታቸው ጹኔኮ ኦካዛኪ ናቸው። ለባክቴሪያዎቹ ጨረር ያለው ታይሚዲን ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ሰጥተው አዲስ የተጻፈውን መረመሩ፤ ብዙው ከ1,000 እስከ 2,000 ፊደል ባላቸው አጫጭር ቍራጮች ሆኖ አገኙት። ጥቂት ቆይተው ሲያዩ ግን ቍራጮቹ ተያይዘው ረጅም ክር ሆነዋል። ስለዚህ በአስቸጋሪው ክር ላይ ያለው ገልባጭ ጥቂት ሲከፈትለት ወደ ኋላ እየተመለሰ ቍራጭ በቍራጭ ይጽፋል፤ ሊጌዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ይሰፋዋል። ይህን በ1968 አስታወቁ።

ሬይጂ ኦካዛኪ የተወለዱት በ1930 በሂሮሺማ ነው። በ1945 አቶሚክ ቦምብ በከተማዪቱ ላይ በተጣለ ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከእኛ በአራት ዓመት የሚያንሱ ማለት ነው፤ ለጨረሩም ተጋልጠዋል። ጨረር የዲ.ኤን.ኤ.ን ክር እንደሚሰብር ይታወቃል። በ1975 በደም ካንሰር ታመው በ44 ዓመታቸው ሞቱ። ጹኔኮ ኦካዛኪ ግን ቤተ ሙከራውን አልተዉም፤ እያንዳንዱ ቍራጭ መጻፍ የሚጀምረው በአጭር የአር.ኤን.ኤ. መነሻ ላይ መሆኑን ለማጣራት ከተማሪዎቻቸው ጋራ ሥራውን ቀጠሉ። በመማሪያ መጽሐፋችንም ውስጥ እነዚያ አጫጭር ክሮች የኦካዛኪ ቍራጮች ተብለው ተጽፈዋል።