ሚሊባንድ፣ ዴቪድ
የብሪታንያ ሌበር ፓርቲ ፖለቲከኛ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በለንደን ተወለዱ። አባታቸው ራልፍ ከናዚዎች ሸሽተው ከቤልጂየም የመጡ ስመ ጥር ማርክሳዊ ምሁር ነበሩ። ዴቪድ ኦክስፎርድና ኤም አይ ቲ ተምረው በ1989 ለሌበር ቅርብ በሆነ የፖሊሲ ጥናት ተቋም ተመራማሪ ሆኑ። በብሪታንያ ይህ የታወቀ በር ነው፤ ጥናቱን የሚጽፈው ወጣት ውሎ አድሮ አስፈጻሚው ሹም ይሆናል። በ1994 የፓርቲው መሪ የሆኑት ቶኒ ብሌር የፖሊሲ ኃላፊያቸው አደረጓቸው፤ ከ1997ቱ የምርጫ ድል በኋላም አብረዋቸው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት፣ ዳውኒንግ ስትሪት፣ ገቡ።

የመራጭ ድምፅ የጠየቁት ዘግይተው ነው፤ በ2001 ሳውዝ ሺልድስን ወክለው ፓርላማ ገቡ። ከዚያ በኋላ ፈጠኑ፦ በ2002 የትምህርት ቤቶች ጉዳይ፣ በ2006 የአካባቢ ጥበቃ፣ በ2007፣ ገና በ41 ዓመታቸው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ2008ቱ የፓርቲው የማንችስተር ጉባኤ ሙዝ ይዘው ፈገግ ያሉበት ፎቶግራፍ ግን ከብዙ ንግግሮቻቸው በላይ ይታወሳል።

በ2010 ለፓርቲው መሪነት ሲወዳደሩ የምክር ቤት እንደራሴዎቹም ተራ አባላቱም ወደ እሳቸው አደሉ። በምርጫው ድርሻ የነበራቸው የሠራተኛ ማኅበራት ድምፅ ግን ታናሽ ወንድማቸውን ኤድን ለጥቂት አሸናፊ አደረገ። በ2013 ፓርላማውን ለቀው ኒው ዮርክ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ኮሚቴ በኃላፊነት ተቀመጡ።