ከፍርስራሽ እስከ ሕክምና አልጋ፦ የመሬት መንቀጥቀጥና የደቡብ ጎንደር ሆስፒታሎች ዝግጁነት

የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ቁጥር ቀድሞ የሚጠየቀው የሟቾች ቁጥር ነው። ለሆስፒታል ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በሕይወት የተረፉት ምን ጉዳት ይዘው፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ ይደርሳሉ? ደብረ ታቦር ከስምጥ ሸለቆው ርቃ በምዕራቡ ደጋ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ሥጋቷ ከአፋርና ከሰሜን ሸዋ ያነሰ ነው። ይሁንና ሆስፒታሏ ለዚህ ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ቢያዘጋጅ ለናዳም ሆነ ለሕንፃ መደርመስ ይጠቅመዋል።

የአገራችን ታሪክ ሁለት ዓይነት አደጋ ያሳያል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት የመጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ መንደር ፈርሳ ሰዎች ሞተዋል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ የሆነው ግን የተለየ ነበር። መንቀጥቀጡ ለወራት ተደጋገመ፤ የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6.0 ደረሰ፤ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችም ቀያቸውን ለቀቁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐኪም የሚፈልገው በአብዛኛው የተሰበረ ሰው አይደለም። መድኃኒቷ ያለቀባት የስኳር ሕመምተኛ፣ ምጥ የያዛት እናት፣ ክትባት ያመለጠው ሕፃን፣ በንጹሕ ውኃ እጦት ተቅማጥ የያዘው ሽማግሌ ናቸው። እንደ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ከቤት ውጭ ማደር ሲጨመርበት ደግሞ ብርዱና የሳንባ ምች አሉ።

ቤት ሲፈርስ ግን የሚቀድመው የእጅና የእግር ስብራት ነው፤ አብዛኛው ቁስለኛም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይደርሳል። ከነዚህ መካከል በቀላሉ የሚዘነጋው በፍርስራሽ ሥር የቆየው ነው። ምሰሶ ለሰዓታት የተጫነው እግር ጡንቻው ይደቅቃል። ሸክሙ ተነሥቶ ደም ሲመለስ ፖታሲየምና ማዮግሎቢን ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ የመጀመሪያው ልብን ሊያቆም፣ ሁለተኛው ኩላሊትን ሊያደክም ይችላል። ከአዳኞቹ ጋር ሲነጋገር የነበረ ሰው ከወጣ በኋላ ሕይወቱ የሚያልፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንደ ቡና የጠቆረ ሽንት ምልክቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በቱርክ ማርማራ በደረሰው አደጋ 639 ሰዎች በዚህ ምክንያት ኩላሊታቸው ተጎድቶ 477ቱ የኩላሊት እጥበት አስፈልጓቸዋል። እጥበት በየወረዳው አይገኝም፤ ኖርማል ሳላይን የተባለው የጨው ፈሳሽ ግን ይገኛል። የኩላሊት ሐኪሞች ምክር ለአዋቂ ሰው ገና ከፍርስራሽ ሥር ሳይወጣ በሰዓት 1 ሊትር ገደማ በደም ሥር መስጠት እንዲጀመር ነው። ፖታሲየም ያለበት ሪንገር ላክቴት አይመከርም። ስለዚህ ሕክምናው የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ሳይሆን ቤቱ ከፈረሰበት ቦታ ነው።

እዚያ ቀድሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ወጌሻ ነው። ያበጠን እግር በስንጥር አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን ያግዳል፤ እግሩ ይሞትና ይቆረጣል። ለወጌሻ ጣትን እየቆነጠጡ ሙቀትና ስሜት መፈተሽን፣ እብጠት ሲመጣ ማሰሪያን ማላላትን፣ አጥንቱ በቆዳ የወጣን ሰው ሳያሹ መላክን ማስተማር ወጪው ትንሽ፣ የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው።

የደጋው ትልቁ ሥጋት መንገድ ነው። በ1953ቱ አደጋ ከካራ ቆሬ በስተሰሜን ያለው ዋና መንገድ በናዳና በስንጥቅ ተበላሽቶ ነበር። የወረታ–ወልድያ መንገድ እንዲህ ቢቆረጥ ከላይ ጋይንት ወደ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦርም ወደ ባሕር ዳር ቁስለኛ ማስተላለፍ ይቆማል። ስለዚህ ሳላይን፣ ጀሶ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና የስኳር መድኃኒት በደብረ ታቦር ብቻ ሳይሆን በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳም ሊቀመጡ ይገባል። በሆስፒታሉ ውስጥ ደግሞ የኦክስጅን ሲሊንደርን በሰንሰለት፣ የመድኃኒት መደርደሪያን ከግድግዳ ጋር ማሰር፣ ሕሙማን የሚወጡበትን ሜዳ መለየትና በዓመት አንድ ጊዜ ልምምድ ማድረግ አዲስ ሕንፃ ሳይጠበቅ ዘንድሮ ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው።