ከሞቱት ወፎች ወደ ጤነኞቹ፦ የዱር አእዋፍ የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ታሪክ



የዛሬው ገለጻዬ ስለ አንድ የሳይንስ ልማድ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ከዱር ወፎች ናሙና እየወሰዱ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ የመፈለግ ልማድ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ በሽታ ከምናውቀው ዋና ዋናው የተገኘው ወፎች በጅምላ ሲረግፉ ሳይሆን፣ ምንም ነገር በማይታይበት ጊዜ ጤነኛ ወፍ ይዘው በመረመሩ ሰዎች ነው። ገንዘቡ ግን ሁልጊዜ የሚመጣው ወፎች ሲረግፉ ነው።

ጣሊያናዊው ኤድዋርዶ ፔሮንቺቶ በ1878 በሰሜን ጣሊያን ዶሮዎችን የፈጀ በሽታ መዝግቦ አቆየ። በ1901 ቼንታኒና ሳቮኑዚ መንስኤው ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑን አሳዩ። ይህ ረቂቅ ነገር የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መሆኑን ጀርመናዊው ዌርነር ሼፈር ያረጋገጠው ግን በ1955 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ጉዳዩ የዶሮና የዶሮ እርባታ ጉዳይ ሆኖ ቆየ።

በ1961 በደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ተርን የሚባሉ ትናንሽ የባሕር ወፎች ከሺህ በላይ ሞተው ተገኙ። ከእነርሱም ቀሳፊ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለየ። ከዱር ወፍ እንዲህ ያለ ቫይረስ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ተርኖቹ አውሮፓ ተፈልፍለው አፍሪካ የሚከርሙ ፈላሾች ነበሩና፣ ነገሩ የአንድ አገር ጉዳይ አለመሆኑ ከጅምሩ ግልጽ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በተርኖች ላይ ተመሳሳይ እልቂት አልታየም፤ ክስተቱም እንደ እንግዳ ነገር ተቆጥሮ ወደ ጎን ተተወ።

ወደ ጎን ያልተዉት ሁለት ሰዎች ግሬም ሌቨርና ሮበርት ዌብስተር ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ሲንሸራሸሩ አሸዋው ላይ የወደቁ የሺርዋተር ወፎች ሬሳ አዩ፤ የደቡብ አፍሪካውም ተርን ትዝ አላቸው። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ትልቅ ግምት የሚሰጠው ይመስለኛል፤ ሬሳ መልቀም ትተው ወፎቹ ወደሚራቡባቸው የታላቁ የኮራል ሪፍ ደሴቶች ሄዱና ጤነኞቹን እየያዙ ደማቸውንና የጉሮሯቸውን ናሙና ወሰዱ። (ለምርምር የኮራል ደሴት መምረጥ ደስ የሚል ሥራ መሆኑን ራሳቸውም አልደበቁም።) በደሙ ውስጥ የተገኘው የመከላከያ ምልክት በ1957 በሰው ልጅ ላይ ወረርሽኝ ካስነሳው ቫይረስ ጋር የሚዛመድ ሆነ። በ1972 ደግሞ ቫይረሱ ራሱ ከሺርዋተር ተለየ። የሰውን ወረርሽኝና የባሕርን ወፍ የሚያገናኝ ክር እዚህ ላይ ተያዘ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ካናዳ ተሻገረ። ከ1976 ጀምሮ ዌብስተር፣ ቨርጂኒያ ሂንሾና ባልደረቦቻቸው በአልበርታ ግዛት ሐይቆች የዱር ዳክዬዎችን በየዓመቱ ይመረምሩ ጀመር። ያገኙት ነገር የበሽታውን ትርጉም ለወጠው። ኢንፍሉዌንዛ ለሰው የመተንፈሻ አካል በሽታ ነው፤ በዳክዬ ግን ቫይረሱ የሚራባው አንጀት ውስጥ ነው፤ በኩስ ይወጣል፣ የሐይቁን ውኃ ይበክላል፣ ሌላውም ዳክዬ ከውኃው ይወስደዋል። ዳክዬው አይታመምም። ፈላሾቹ ወደ ደቡብ ከመነሳታቸው በፊት፣ በነሐሴ ገደማ፣ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ጫጩቶች በብዛት ተይዘው ይገኛሉ። ይህን ማንም ከሬሳ ሊያውቀው አይችልም ነበር፤ በየዓመቱ እየተመለሱ ያንኑ ሐይቅ ማየት የግድ ነበር።

የቀረው ታሪክ የድንጋጤ ታሪክ ነው። ኤች5ኤን1 በ1996 በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት በዝይ ላይ ታየ፤ በ1997 በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገደለ። በ2005 በቻይናው ቺንግሃይ ሐይቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ወፎች ሞቱ። በየካቲት 2006 ቫይረሱ አፍሪካ ገባ፤ መጀመሪያ የተረጋገጠው በናይጄሪያ ካዱና ግዛት ነበር። ወዲያው ጣት ወደ ፈላሽ ወፎች ተቀሰረ። ነገር ግን የካዱናው ወረርሽኝ የታየው በትልቅ የንግድ ዶሮ እርባታ ውስጥ እንጂ በሐይቅ ዳር አልነበረም፤ የዶሮና የጫጩት ንግድም የራሱ መንገድ አለው። በዚያው ዓመት በበርካታ የአፍሪካ ረግረጋማ ስፍራዎች በተካሄደ ሰፊ ቅኝት ቀለል ያሉ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያዎች ከአውሮፓና ከእስያ በመጡትም በአፍሪካ ነዋሪ በሆኑትም ወፎች ተገኙ፤ ቀሳፊው ኤች5ኤን1 ግን አልተገኘም። ይህ ወፎቹን ነጻ አያወጣቸውም። ችግሩ ክርክሩን የሚዳኝ የቀደመ መዝገብ አለመኖሩ ነው፤ አልበርታ የ30 ዓመት መዝገብ ነበራት፤ የአፍሪካ ሐይቆች አልነበራቸውም።

ከ2020 ወዲህ ክርክሩ መልኩን ቀይሯል፤ ቫይረሱ በዱር ወፎች መካከል ራሱን ችሎ የሚዘዋወር ሆኗልና። በታኅሣሥ 2021 በእስራኤል ሁላ ሸለቆ ከ5,000 በላይ ክሬኖች፣ እነዚያ ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች፣ ሞቱ። የሁላ ረግረግ በ1950ዎቹ ለእርሻ ሲባል የተንጣፈፈ፣ በ1990ዎቹም ጥቂቱ ብቻ መልሶ ውኃ የተለቀቀበት ነው። ክሬኖቹም የገበሬውን ማሳ እንዳያወድሙ በቆሎ እየተበተነላቸው በአንድ ቦታ ተጨናንቀው ይከርሙ ነበር።

ለእኛ የሁላው ነገር ሩቅ አይደለም። በዚያ ከሚያልፉት ክሬኖች ከፊሎቹ ጉዟቸውን ቀጥለው ኢትዮጵያ ይከርማሉ፤ በጣና ዙሪያና ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው ጨለቅለቃ ረግረግ የምናያቸው እነርሱ ናቸው። ቢሾፍቱ ደግሞ ከአገራችን የንግድ ዶሮ እርባታ ማዕከላት አንዷ ናት። በየገጠሩ የጓሮ ዶሮ ሲያልቅ ባለቤቲቱ «ፈንግል ገባ» ትላለች፤ የቀሩትንም አርዳ ትበላለች ወይም ገበያ ታወጣለች፤ ለማንም አታመለክትም፤ ፈንግል በየዓመቱ የሚመጣ ነውና። የእንስሳት ሐኪሞቻችን ፈንግል የሚሉት የኒውካስል በሽታ በምልክቱ ከቀሳፊው የአእዋፍ ኢንፍሉዌንዛ በዓይን አይለይም። አውሮፓውያንም ሁለቱን መለየት የጀመሩት በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያም የሆነው በላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ቀሳፊው ዝርያ አንድ ቀን በጨለቅለቃ በኩል ቢገባ፣ ከሐይቁ ወፎች ናሙና የሚወስድ ሰው ከሌለ፣ የመጀመሪያ ስሙ ፈንግል ይሆናል።