የእራት ገበታ ከአዳራሽ ወደ ሆቴል

በአማርኛ “ግብር” የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ገባሩ ለመንግሥት የሚያስገባው እህል፥ ማር፥ ከብትና ገንዘብ ሲሆን፥ ሁለተኛው ንጉሡ ወይም መኰንኑ ሠራዊቱንና ሕዝቡን በአዳራሹ ሰብስቦ የሚያበላው ግብዣ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከገበሬው ጎተራ የወጣው ጤፍና ማር በቤተ መንግሥቱ እንጀራ ቤትና ጠጅ ቤት አልፎ በገበታ ላይ ይቀርብ ነበር፤ ለማእድ ቤቱ ቀለብ ብቻ ተለይተው የተመደቡ መሬቶችም ነበሩ። የገበረውና የበላው ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ከቤት ውጭ የመብላት ታሪክ ሲመረመር መነሻው ምግብ ቤቱ ሳይሆን አዳራሹ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የሚገባው ግብር ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር። አጋፋሪዎች እንግዳውን በማዕርጉ እየለዩ ያስገባሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋረጃ ተከልለው ከቅርብ መኳንንት ጋር ይመገባሉ፤ እርሳቸው ከጨረሱ በኋላ መጋረጃው ተገልጦ ለሠራዊቱ ገበታ ይዘረጋል። አንዱ ተራ በልቶ ሲወጣ ሌላው ይተካል። ብርንዶው ሁለት ሰዎች በትከሻቸው በያዙት አግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ በተመጋቢው መካከል ያልፋል፤ ሁሉም በያዘው ቢላዋ ይቆርጣል። ጠጅ አሳላፊው ጠጁን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፤ ይኸውም መርዝ አለመኖሩን ማረጋገጫ ነው። የከብቱ ብልት እንኳ ሳይቀር የትኛው ለማን እንደሚገባ የታወቀ ስለ ነበር፥ አንድ ሰው የደረሰውን ሥጋ አይቶ በጌታው ዘንድ ያለውን ቦታ ለመረዳት ይችል ነበር።

በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያደረጉት ድግስ ከዚህ ዓይነቱ ግብር ሁሉ የጎላ ሆኖ ይነገራል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት የምኒልክ ታሪክ ውስጥ የወጡን፥ የእንጀራውንና የጠጁን ብዛት በአድናቆት ገልጸውታል። ነገር ግን ከዚያ ድግስ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን በሬ ፈጀው፤ የሚያርስ ጠፋ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው ክፉ ቀን ተከተለ። ያንን ሁሉ ወጥ የጠጡት ሰዎች ከጥቂት ወራት በኋላ በቤታቸው ምን ቀርቧቸው እንደ ነበር ማሰብ አያዳግትም። በዚህች አገር የግብዣና የረኀብ ታሪክ ተለያይቶ አይጻፍም።

ወደ ተራው ቤት ሲገባ የዕለቱ እራት ከአዳራሹ ግብር ጋር በመጠን እንጂ በሥርዓት ብዙ አይለይም ነበር። ምሽት ላይ ታናሹ ውኃ ይዞ ታላላቆቹን ያስታጥባል፤ አባወራውና እንግዳው ቀድመው ይቀርባሉ፤ ልጆች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሴቲቱ ወጡን እየጨመረች ከቆየች በኋላ በመጨረሻ ትበላለች። በአብዛኛው ቀን የሚበላው ሽሮ ወይም ጎመን ነው። ዶሮና ሥጋ የበዓል ናቸው፤ በጾም ሕግም ምእመናን በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን ላላነሰ ጊዜ ከእንስሳት ተዋፅኦ ይርቃሉ። ጉርሻ የፍቅር መግለጫ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ማን ማንን ቀድሞ ያጎርሳል የሚለውም የራሱ ደንብ ነበረው።

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ከገበታው አይታይም። ጤፉን በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት ሌሊቱን የሚወስድ ድካም ነበር። በባለጸጎች ቤት ይህ ሸክም በባሪያ የተያዙ ሴቶች ዕጣ ሆኖ ኖረ፤ ባርነት ፈጽሞ በሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። የሞተር ወፍጮ በየከተማው መስፋፋቱ ለኢትዮጵያ ሴት ያደረገው ውለታ ስለ ምግብ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

በቤት የተሠራን ምግብ ከቤት ውጭ በኅብረት የመብላት ልማድም ከሆቴል በፊት የነበረ ነው። የሰንበቴ ማኅበርተኞች በተራቸው ዳቦ፥ እንጀራ፥ ንፍሮና ጠላ አዘጋጅተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይወስዳሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤት ተቀምጠው ከነዳያን ጋር ይካፈላሉ። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ እየለመነ ያገኘውን ቁራሽ ወደ ጎጆው ወስዶ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ላይ ይበላል፤ ስለዚህ የአንድ ምሽት እራቱ የሰባት ቤት ሽሮ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ለበዓል ደግሞ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዙና ቅርጫ ይገባሉ፤ ሥጋው በእኩል መደብ ተከፍሎ በዕጣ ይታደላል። በቅርጫ ላይ ባለማዕርግ የለም፤ ዕጣው ለጌታም ለሎሌም እኩል ነው። ከአዳራሹ የብልት ድልድል ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ይሁን እንጂ ገበታው ለሁሉ ክፍት ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል። በብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪ፥ ቀጥቃጭና ፋቂ “ቡዳ” እየተባሉ ከማዕድ ይገለሉ ነበር። እንጀራው የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችው ሴት ከዚያው እንጀራ አብራ ለመቁረስ አትጠራም ነበር። ክርስቲያኑና እስላሙም በጉርብትና፥ በዕድርና በለቅሶ አብረው ሲኖሩ በሥጋ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ በጋራ ድግስ ለእንግዳው እንደ እምነቱ ለብቻው የታረደ ማቅረብ የታወቀ ጨዋነት ነው። የሥጋ ቤቶች በራቸው ላይ የመስቀል ወይም የጨረቃ ምልክት ማድረጋቸው ከዚሁ የመጣ ነው።

በገንዘብ የመብላት ልማድ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ የገጠመው ችግር ከዚህ ሁሉ አንጻር መታየት አለበት። የምሥረታው ዘመን 1898 ዓ.ም. ተብሎ የሚቆጠረው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሥራ ሲጀምር የከተማው ሰው ወደ ውስጥ ለመግባት አመነታ። እንግዳ ሰው እያየ መብላት የሚያሳፍር፥ ለክፉ ዓይንም የሚያጋልጥ ነበር፤ መኳንንቱ ሲበሉ በሸማ ይከለሉ የነበረውም ስለዚሁ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ወደ ሆቴሉ ሄደው በሉ፤ ሒሳቡንም ራሳቸው ከፈሉ። መኳንንቱ ምግቡን ወደዱት። በሌላ ቀን በራሳቸው ተመልሰው ከበሉ በኋላ ግን ገንዘብ ሲጠየቁ ተቆጡ። የእቴጌን ምግብ በልቶ ዋጋ መጠየቅ ለእነርሱ ስድብ ነበር። ታሪኩ ሲነገር ሰውን የሚያስቅ ቢሆንም፥ የመኳንንቱ ቁጣ ከሞኝነት የመነጨ አልነበረም። የእቴጌን ማዕድ የበላ ሰው በታማኝነት ይከፍል ነበር፤ በአንድ ብር የሚዘጋ ሒሳብ ያንን ትስስር የሚያፈርስ ሆኖ ታይቷቸው ይሆናል።

በ1909 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የመንገደኛውና የነጋዴው ቁጥር በዛ፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ፓስታውና መኪያቶው ተጨመሩ። የከተማውን ተራ ሰው ከቤት ውጭ መብላት ያስለመዱት ግን እነዚህ አልነበሩም። ያስለመዱት ጠላ፥ ጠጅና ወጥ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ከባላቸው የተለዩ፥ ከገጠር የተሰደዱ፥ የሚወርሱት መሬት ያልነበራቸው ብዙ ሴቶች በእናታቸው ቤት የተማሩትን ሙያ መተዳደሪያቸው አደረጉት። ኅብረተሰቡ “ኮማሪት” እያለ በንቀት ጠራቸው፤ በማታ ግን ወደ ቤታቸው ሄዶ እራቱን በላ። ከነጻነት በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲበዙ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ላጤ ጸሐፊና አስተማሪ ከእነዚሁ ሴቶች ዘንድ በወር ቀለብ ይመገብ ነበር። ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ በዱቤ ያበሉት እነርሱ ናቸው። ሻል ያሉት ቤቶች ለቤተሰብና ለጥንዶች በመጋረጃ የተከለሉ ክፍሎች አዘጋጁ፤ የአዳራሹ መጋረጃ በዚህ መልኩ ለማንኛውም ከፋይ ደረሰ። በጾም ቀን የሚቀርበው በያይነቱም የምግብ ቤቱን ጥቅም ያሳያል፤ አንድ ወይም ሁለት ወጥ ብቻ የምትሠራ እመቤት ስምንት ዓይነት በትንሽ በትንሹ ማቅረብ ይከብዳታልና።

በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የአዲስ አበባ ቴሌቪዥን የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ ያነሣውን ፊልም አሳየ። በፊልሙ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ደርግ ያንን ቅንብር ያዘጋጀው ለፖለቲካ ዓላማ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ተመልካቹን ያስቆጣው ማብራሪያ የማያስፈልገው ነገር ነበር። የሚያበላ ንጉሥ ሕዝቡን አላበላም። በገበታ የቆመው ሥልጣን በገበታ ተከሰሰ። ሆኖም ከሳሹም ከዚሁ ነቀፋ አላመለጠም፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በከፍተኛ ወጪ ሲከበር ወሎና ትግራይ ዳግመኛ በረኀብ ላይ ነበሩ።

በደርግ ዓመታት የሰዓት እላፊ ገደብ የማታውን እራት ወደ ቤት መለሰው፤ ጤፉም በቀበሌ ራሽን ሆነ። በዚያው ዘመን ከ1970 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዋሽንግተን የተጠጉ ስደተኞች ምግብ ቤቶች መክፈት ጀመሩ። አገሬው ሰው ሹካ ሳይሰጠው ከማያውቀው ጓደኛው ጋር ከአንድ ትሪ እንዲበላ ማስተማር ለእነርሱም መኳንንቱን ከማስከፈል የቀለለ አልነበረም።

ዛሬ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን አጥፍቶታል፤ እንጀራም በየሱቁ ተጋግሮ ይሸጣል። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት የጎዳው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም እንደገና እንግዳ ይቀበላል። በከተማው ምግብ ቤቶች አብረው የገቡ ሰዎች እራታቸውን አሁንም ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ጠቡ ይጀመራል፤ አንዱ ብሩን ሲያወጣ ሌላው እጁን ይይዛል፤ “በሞቴ” “አይሆንም” ይባባላሉ፤ አስተናጋጁም ከማን እንደሚቀበል ሳያውቅ በመካከላቸው ቆሞ ይጠብቃል።