ወራሪው ማን ነበር? የጥቁር ባሕር ሌላው ታሪክ

ስለ ጥቁር ባሕር የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት የግሪክ ነጋዴዎችን፣ የኦቶማን መርከቦችንና የክራይሚያን ጦርነት ያወሳሉ። ውኃው ራሱ ግን የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1890 የሩሲያው የሥነ ምድር ሊቅ ኒኮላይ አንድሩሶቭ የተሳተፈበት ጉዞ የጥልቁን ውኃ ሲመረምር፣ ከታች ኦክስጅን እንደሌለና የተበላሸ እንቁላል በሚሸት ጋዝ እንደተሞላ ታወቀ። ወንዞች የሚያመጡት ቀላል ውኃ ከላይ ይቀራል፤ በቦስፎረስ የሚገባው ጨዋማ ውኃ ከሥር ይተኛል። ሁለቱ እምብዛም ስለማይደባለቁ 90 በመቶ ያህሉ ባሕር ኦክስጅን አልባ ነው።

ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጣው ግን የሰው እጅ ያለበት ነው። ዳኑብና ሌሎች ወንዞች ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ ወደ ባሕሩ አፈሰሱ። በማዳበሪያው የበዛው አልጌ ሞቶ ሲበሰብስ ጥልቀት በሌለው የሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የነበረውን ኦክስጅን ጨረሰ። በሞቃት ወራት ዓሣና ቀንድ አውጣ በገፍ አለቁ።

ጄሊፊሾች ግን ቆዩ። ጄሊፊሽ ሳንባም ስንጥብም የለውም፤ ኦክስጅን በስስ ቆዳው ይሰርጋል። አካሉ ከ95 በመቶ በላይ ውኃ በመሆኑ የሚፈልገው ጥቂት ነው። አንዳንዶቹማ ዝልግልግ አካላቸው ውስጥ ኦክስጅን አጠራቅመው ክፉውን ሰዓት ያልፉበታል። የሚበሉት ጥቃቅን እንስሳ አየር አጥሮት ሲዳከም ደግሞ ማምለጥ ያቅተዋል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጄሊፊሽ መሳይ የሆነው ኒሚዮፕሲስ ከአሜሪካ ጠረፍ በመርከቦች ማመጣጠኛ ውኃ ተጭኖ ገባ። የዓሣ ጫጩቶችንና ምግባቸውን እየበላ ተባዛ። በአስርት ዓመቱ ማብቂያ የቱርክ ዓሣ አጥማጆች ኑሯቸውን የመሠረቱበት ሃምሲ የተባለው ትንሽ ዓሣ ምርት አሽቆለቆለ።

እንስሳው «ወራሪ» ተባለ። ቃሉ ታሪኩን ያቀልለዋል፤ ጥፋተኛው ከውጭ የመጣ ይሆንና ባለቤቶቹ ነጻ ይወጣሉ። ሆኖም ያመጣው የሰው መርከብ ነው፤ ሃምሲውን ቀድሞ ያመናመነው ከልክ ያለፈ አሰጋገር ነው፤ ውኃውንም ያሳመመው ማዳበሪያ ነው።

ማገገሙም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1997 ኒሚዮፕሲስን የሚበላ ቤሮዬ የተባለ ሌላ መጤ ታየና ቁጥሩን ቀነሰው። ከዚያ በፊት ግን የምሥራቅ አውሮፓ ሶሻሊስት መንግሥታት ሲወድቁ የማዳበሪያ ድጎማ ቀርቶ፣ ዳርቻው ቀስ በቀስ መተንፈስ ጀምሮ ነበር። ለባሕሩ ብሎ ያደረገው ማንም አልነበረም።